ገንዘብዎ ሰምጦ ለዲፖዚሽን ሲጠሩ እንዴት ይመሰክራሉ?

ጃንዋሪ 2018 ላይ ኒኮላ የተባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና አምራች አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። አንድ ግዙፍ መኪና አስፋልቱ ላይ ሽው ሲል ያሳያል። ርዕሱ “በእንቅስቃሴ ላይ” ይላል። ሴፕቴምበር 2020 ላይ የኩባንያዎችን ማጭበርበር ያጋልጥ የነበረው ሂንደንበርግ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ጉዱን አወጣው። ለካ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተለቆ ነው የሚንከባለለው! የኩባንያው መልስ ምን ነበር? በራሱ ኃይል ይሄዳል አላልንም የሚል። እውነትም አላሉም። ድንጋይም ከተራራ ሲንከባለል በእንቅስቃሴ ላይ ነው።

መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን ባለሀብቶችን በማታለል 2022 ላይ በጁሪ ጥፋተኛ ተባለ። በዓመቱ 4 ዓመት ተፈረደበት፤ 2025 ላይ ግን ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አገኘ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ።

ይህን ያነሳሁት እንዲህ ያለ ኩባንያ አክሲዮን ገዝተው ገንዘብዎ ሰምጦ ቢከሱ፣ ክሱ ቃል ላይ ስለሚቆም ነው። የራሱን ቃል እንዲህ የሚመዝን ወገን የእርስዎንም ይመዝናል። አሜሪካ ውስጥ ሚዛኑ የሚቀመጠው ዲፖዚሽን ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እንደሆነ ይወቁ። ዲፖዚሽን ከችሎት በፊት በመሐላ የሚሰጥ ቃል ነው። ዳኛ የለም። አንድ የስብሰባ ክፍል (ወይም ዙም)፣ የሁለቱ ወገን ጠበቆች፣ ቃል በቃል የሚመዘግብ ሰው፣ አንዳንዴም ካሜራ። ቡና ስለሚቀርብና ሁሉም ፈገግ ስለሚል ጨዋታ ይመስላል። አይደለም። እዚያ መዋሸት ችሎት ፊት እንደመዋሸት ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ደንብ አንድ ምስክር የሚጠየቀው በአንድ ቀን፣ ቢበዛ 7 ሰዓት ነው። ከሳሽ መሆንዎ ከመጠየቅ አያድንዎትም።

ወረቀትዎን ይሰብስቡ፤ ምንም አይሰርዙ። አክሲዮኑን የገዙበትና የሸጡበት ደረሰኝ፣ ኢሜይል፣ የቴሌግራምና የዋትሳፕ መልእክት ሁሉ ይፈለጋል። “ይሄ አክሲዮን ይፈነዳል፣ ቤት ሽጠህ ግባ” ብለው ለአጎትዎ ልጅ የላኩት ቢያሳፍርም ይቀመጥ። የተሰረዘ መልእክት ካልተሰረዘው ይበልጥ ይጎዳል። ከጠበቃዎ ጋር ሆነው መቼ ገዛሁ፣ በስንት፣ በዚያ ቀን ምን አውቅ ነበር የሚለውን በተራ ያስቀምጡ። ማስታወሻ ይዘው ከመግባትዎ በፊት ግን ይጠይቁት። ለማስታወስ ብለው ያነበቡትን ወረቀት ሌላው ወገን አምጡ ሊል ይችላል።

ዋናውን ጥያቄ ይጠብቁ፤ ለምን ገዙ? ማታለሉን ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ውሸት ተመርተው መግዛትዎም ይጠየቃል። የተከሳሹ ጠበቃ እንዲህ ይጀምራል፦ “ቪዲዮውን አይተዋል?” “አዎ።” “መቼ?” እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ኒኮላ ናዝዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ላይ የገባው ጁን 2020 ነው። ቪዲዮውን ያዩት ከመግዛትዎ በፊት ነው ወይስ ወሬው ከፈነዳ በኋላ? ሁለተኛው ከሆነ ሁለተኛው ነው ይበሉ። ጓደኛዎ ግዛ ስላለዎት ከገዙም ያንኑ ይናገሩ። ታሪኩን ማሳመር ጠበቃው የሚጠብቀው ስጦታ ነው።

መልስዎን ያሳጥሩ። የእኛ ሰው ሲጠየቅ ከሥር መሠረቱ ነው የሚጀምረው። እዚህ አያዋጣም። የተጠየቁትን መልሰው ዝም ይበሉ፤ ጠበቃው ወረቀቱን እያገላበጠ ዝም ቢልም ዝምታውን ለመሙላት አይጣደፉ። “አላውቅም” እና “አላስታውስም” ለየብቻ ናቸው። አላውቅም ብለው የራስዎ ኢሜይል ፊትዎ ቢቀመጥ መመለሻው ይከብዳል። ግምት ከሆነም ግምት መሆኑን ይናገሩ።

አማርኛችን የሚያጠምደን ቦታ አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሕጉ ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል። አንደኛው፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት “እህ” ናት። ለእኛ አዎ ናት፤ ለመዝጋቢው ግን ሰውየው የደነገጠ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው አሉታዊ ጥያቄ ነው። “የስጋት መግለጫውን አላነበቡም?” ሲባሉ “አዎ” ይላሉ፤ አዎ፣ አላነበብኩም ማለትዎ ነው። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ግን የተራቆተ “የስ” ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ አንብቤያለሁ ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ይበሉ፦ “አላነበብኩም።” ሦስተኛው ሰዓት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ ካሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት መሆኑን ያስረዱ። አስተርጓሚ ከተመደበልዎ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠቀሙበት። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ማለት መዝገቡን ያዝረከርከዋል።

ጠበቃዎ “ኦብጀክሽን” ሲል ዝም ይበሉ፤ ከዚያ ይመልሱ። ተቃውሞው ለመዝገብ ነው እንጂ ጥያቄውን አይሰርዘውም። አይመልሱ ካለዎት ብቻ ይተዉት። ይህን የሚለው በዋናነት ከእርስዎ ጋር በምስጢር የተነጋገራችሁት ሲጠየቅ ነው። ዕረፍት መጠየቅ ይችላሉ፤ ጥያቄ ተንጠልጥሎ እያለ ግን አይነሡ።

ቃልዎ የተመዘገበበትን ጽሑፍ አንብበው ያርሙ። ይህን መብት በፌዴራል ደንብ የሚያገኙት ዲፖዚሽኑ ሳያልቅ ከተጠየቀ ነው። ጠበቃዎ እንዳይረሳው ጠዋቱኑ ያስታውሱት። ጽሑፉ ተዘጋጅቷል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለዎት። የሚለውጡትን ከነምክንያቱ ጽፈው ይፈርማሉ። የቀድሞው መልስ ግን አይጠፋም፤ ሁለቱም ለዳኛው ሊቀርቡ ይችላሉ። ሲያነቡ ከቀኖቹ ይጀምሩ። በእኛ አቆጣጠር 2012 ብለው የተናገሩት ሳይቀየር እንዳለ ገብቶ ከሆነ፣ ኒኮላ ከመመሥረቱ በፊት አክሲዮኑን ገዝተዋል ማለት ነው።