የቧንቧን ድምፅ በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ እንዴት እንለካለን?

አዳማ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው፣ ከላይ ፎቅ የሽንት ቤት ውሃ በተለቀቀ ቁጥር በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ እየተንደረደረ የሚወርደውን ድምፅ በሚገባ ያውቀዋል። ቅሬታው ሰሚ እንዲያገኝ ግን «እንቅልፍ ነሳኝ» ከማለት አልፎ ድምፁን በቁጥር ማሳየት ይኖርበታል።

መጀመሪያ የሚለካው ቧንቧው ዝም ባለበት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። የአዳማ ነፋስ ቆርቆሮና መስኮት ስለሚያንኳኳ፣ በጅቡቲው መንገድ አቅራቢያም የከባድ መኪና ድምፅ ስለሚበዛ፣ ነፋሱ ጋብ ያለበትን የሌሊት ሰዓት መርጦ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ፍሪጁንም ነቅሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው የሚለካው ነፋሱን ነው።

ቀጥሎ የድምፅ መለኪያው የሰውን ጆሮ በሚመስለው የ«ኤ» ሚዛን ላይ ተደርጎ፣ የሕንፃ መሣሪያዎች ድምፅ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 16032 እንደሚያዘው አንድ ጊዜ በክፍሉ ማዕዘን አጠገብ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከግድግዳ ራቅ ባሉ የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ቦታ ጎረቤት ውሃውን ደጋግሞ እንዲለቅ ይደረግና ከፍተኛው ቁጥር ይያዛል። የሞባይል መተግበሪያ ለማነጻጸር ቢረዳም ለማስረጃነት አይበቃም።

በጸጥታው ሰዓትና ውሃው ሲወርድ በተገኙት ሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት 10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ አሃድ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የተገኘው ቁጥር እንዳለ ይወሰዳል። ከ10 ካነሰ ግን የጸጥታው ድምፅ ድርሻ በዴሲቤል ስሌት (በተራ መቀነስ ሳይሆን) ይወጣለታል፤ ለምሳሌ ጸጥታው 32፣ ውሃው ሲወርድ 38 ቢሆን የቧንቧው ድርሻ 36.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ 3 ብቻ ከሆነ ግን በሌላ ሌሊት መድገም ይሻላል።

የጀርመኑ የሕንፃ ድምፅ መከላከያ ደረጃ ዲአይኤን 4109 ከጎረቤት ቤት የውሃ መስመር ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ1999 መመሪያ ደግሞ ለሌሊት ነጠላ ድምፆች እስከ 45 ይፈቅዳል። ከላይ ያለው 36.7 በአንዱ ወድቆ በሌላው ያልፋል። ድምፁ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚደጋገም የጀርመኑን መለኪያ መከተል ተገቢ ነው እላለሁ።

ውጤቱ ከወሰኑ ካለፈ፣ ውሃው ሲወርድ መዳፍን በግድግዳው ላይ ማሳረፍ ብዙ ይናገራል። ግድግዳው ከተንቀጠቀጠ ቧንቧውን የያዘው ብረት ያለ ላስቲክ በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ ተበሎኖ፣ ወይም ቧንቧው ራሱ በሲሚንቶ ተለስኖ ሊሆን ይችላል። በብረቱና በቧንቧው መካከል ላስቲክ ከገባ በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በእነዚያው ሦስት ቦታዎች እንደገና ይለካና አዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ጎን ይጻፋል።