ኦቲዝም ካለባቸው ወጣቶች ጋር ስንሠራ አመኔታ የሚያሳጡን ስህተቶች

ከዚህ ሥራ ጋር የቆየሁት በቂ ጊዜ ነው፤ ክፉ ተንከባካቢ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ወጣቶቹ የሚርቁን ደግነት ስላነሰን ሳይሆን የተናገርነውና የሆነው ነገር አልገጥም ሲላቸው ነው።

«አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» ማለት

ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ለእግር ጉዞ ልንወጣ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል። «አንድ ደቂቃ» ብዬው ስልክ ላነሳ ገባሁ። ስመለስ 14 ደቂቃ አልፏል። ዓይኑን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀለም፤ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ይስባል። ያን ቀን አልወጣም። ከዚያም ለሳምንታት «እንሂድ» ባልኩት ቁጥር አስቀድሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። እኔ «ትንሽ ቆይ» ማለቴ ነው፤ እሱ የሰማው 60 ሴኮንድ ነው፤ ያልኩትም እሱ የሰማውን ነው። ራሱም ኦቲዝም ያለበት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ የእነሱ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ እኛም እነሱን መረዳት ያቅተናል። አሁን «15 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ከዘገየሁ መጥቼ እነግርሃለሁ» እላለሁ፤ ስዘገይም ሄጄ እነግረዋለሁ። ሳጠፋ ደግሞ ሰበብ ሳልደረድር፣ ስንት ደቂቃ እንዳስጠበቅሁት ጠርቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሱ እያለ እናቱን መጠየቅ

«ያመዋል? ምን ይወዳል?» የሚለው ጥያቄ ለራሱ ይቅረብ። የማይናገር ሰው ሁሉ የማይሰማና የማይገባው አይደለም፤ በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በታብሌት የሚግባቡ አሉ። እናት የምትጨምረው ካለ እሱን አስፈቅዳ ትጨምር።

ዝምታውን ለመሙላት መቸኮል

መልሱ ሲዘገይ ጥያቄውን በሌላ ቃል ከደገምነው አዲስ ጥያቄ ይሆንበታል፤ የጀመረውን ሐሳብ ጥሎ እንደገና ይነሣል። ጠይቆ ዝም ማለት ይሻላል። «ዓይኔን እየኝ» ማለትም እንዲሁ ይቅር፤ ወለሉን እያየ በደንብ ሊያዳምጠን ይችላል።

መታወክን እንደ ብልግና መቁጠር

ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለንክኪ የሚሰጡት የተለየ ምላሽ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ በእነዚህ ሲታወክ መብራቱን መቀነስ፣ ድምፁን ማጥፋት፣ ቃላችንንም ማሳጠር እንጂ ተግሣጽ በዚያ ሰዓት አይረዳም። የደም ግፊት መለኪያ እንኳ ስናስር፣ ክንዱን ከመንካታችን በፊት «አሁን ያጠብቅሃል፤ ከዚያ ይለቅቃል» ብንለው ብዙ ይቀልለዋል።

«እሺ»ን ሁሉ እንደ ፈቃድ መውሰድ

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ ልዩነታቸውን ደብቀው ሰው ማስደሰትን ከልጅነታቸው ጀምሮ ተምረዋል፤ «እሺ» የሚሉት ጥያቄው እንዲያበቃላቸው ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ነገር «እሺ» የምትል አንዲት ወጣት ነበረች። አንድ ቀን የዕለቱን ሥራዎች በወረቀት ጻፍሁላትና በእያንዳንዱ ሥር «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «ሌላ ቀን» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አኖርሁ። ለረጅም ጊዜ አየችው። «አልፈልግም» ላይ ምልክት አደረገችና እቆጣ እንደሆነ ለማየት ቀና አለች። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ያን ሥራ ከዝርዝሩ ሰረዝሁት። በማግስቱ ወረቀቱን ራሷ ይዛ መጣች።