ድመት ይዛችሁ ወደ ሃዋይ ልትዛወሩ ነው? ሶፋው ይቆይ

ወደ ሃዋይ ቤቱን ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ኮንቴይነሩ ነው። ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ ግን ሶፋው ይቆይና ቀድማችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሃዋይ የእብድ ውሻ በሽታ የሌለባት ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛት ናት። ስለዚህ ቀልድ አያውቁም። ወረቀቱ ያልተሟላ እንስሳ እስከ 120 ቀን ኳራንቲን ሊገባ ይችላል፤ ወጪውም የባለቤቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማይክሮቺፑ (መለያ ቁጥር የያዘችው ከቆዳ ሥር የምትገባ ትንሽ ቺፕ) የእብድ ውሻ ክትባቱ መሥራቱን ከሚያሳየው የደም ምርመራ በፊት መቀበር አለበት። የእብድ ውሻ ክትባት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከ30 ቀን በላይ ተራርቆ። የደም ናሙናው ላብራቶሪ ከደረሰ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ሰነዶቹ ደግሞ እናንተ ከመድረሳችሁ ከ10 ቀን በፊት እዚያ መገኘት አለባቸው። በእጄ ይዤ እሄዳለሁ ማለት አያዋጣም። እኔ ብሆን ለጠቅላላው አራት ወር እይዝለታለሁ።

እኛን ጉድ ሊሠራን የነበረው አንድ ቁጥር ነው። ደም የተወሰደ ዕለት የድመታችን ቺፕ ስካን ሲደረግ ማሽኑ ላይ የወጣውን ከፎርሙ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። 6 የነበረው 8 ተብሎ ተጽፏል! እዚያው ተስተካከለ። እናንተም የስካነሩን ስክሪን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የጉዞ ሳጥኑንም ከወዲሁ ሳሎን ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእኛዋ ሳምንት ሙሉ ዞር ብላ አላየችውም። አሮጌ ሹራቤን ስከትበት ገብታ ለጥ አለች።