ቅጠሉን አትጥረጉት፦ የዘጌ ቡና ጫካ በተዳፋት ጓሮ

ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ የሄደ ሰው ሁሉ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ሥዕል አይቶ ይመለሳል። የዘጌ ልጅ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔ ለእንግዳ የማሳየው መሬቱን ነው። ቅጠሉን በእጃችሁ ገለጥ አድርጉት። ላዩ ደረቅ ነው፣ ቀጥሎ እርጥብና ግማሹ የበሰበሰ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጫጭን ሥር የተብተበው ጥቁር አፈር። በገዳማቱ ደንብ እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ከብት ማርባትም እንዲሁ። ቡናውንና ጌሾውን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የሚያያይዝ ትውፊትም አለ።

ባሕር ዳር ዙሪያ ተዳፋት መሬት ካላችሁ ይህንኑ የቡና ጫካ በትንሹ መሥራት ትችላላችሁ። ዛፍ ብቻውን ግን አፈር አይዝም። ከረጅም ዛፍ የሚንጠባጠብ ውሃ ተጠራቅሞ ስለሚወርድ ራቁት መሬት ላይ ካረፈ አፈሩን ይቦረቡረዋል። የተጠረገ ባሕር ዛፍ ሥር ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ ተመልከቱ።

መጀመሪያ ውሃ ልኩን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያለውን መስመር፣ አውጡ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ 2 ሜትር ያህል፣ ጫፋቸውን እሰሩና እግራቸውን ከፈት አድርጉ። መሃል ላይ አግዳሚ ምቱበት፤ ሁለቱ እንጨቶች ከታሰሩበት ጫፍ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይንጠልጠል። መሬት ላይ አቁሙና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን ምልክት አድርጉ። እዚያው ቦታ ላይ እግሮቹን አቀያይሩና ድገሙት። የሁለቱ ምልክት መሃል ልኩ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ችካል እየተከላችሁ ቁልቁለቱን አቋርጡ። በዚያ መስመር አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሳር አጠጋግታችሁ ትከሉ።

ለጥላ እኔ ዋንዛና ብርብራ እመርጣለሁ። ብርብራ አፈር ያለማል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይበሰብሳል። ፍሬው ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ለሐይቅ ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ወደ ውሃው ብቻ አትጣሉት። ጥላው ከቡናው ቢቀድም ጥሩ ነው። ካልቀደመ ለቡናው ችግኝ ጊዜያዊ ዳስ ሥሩለት።

የቡናውን ጉድጓድ ከክረምቱ ቀደም ብላችሁ ቆፍሩ፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በመካከላቸው 2 ሜትር እየተዋችሁ፣ የላይኛው ረድፍ ክፍተት ከታችኛው ችግኝ ትይዩ እንዲሆን። የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡትና ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ከታች መልሱት። ዝናቡ ሲደላደል ትከሉ። ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ሥሩ። ጌሾ ዳር ዳሩን ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አለመሥራት ነው፣ ለገበሬ ከባዱም ይኸው ነው። መሬቱን አትረሱ፣ አትቆፍሩ። አረሙን በማጭድ አጭዳችሁ እዚያው ጣሉት። ዛፎቹ ትንንሽ እያሉ የሚረግፍ ቅጠል ስለማይበቃ ገለባና የታጨደ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አታስነኩት፣ ይበሰብስባችኋል። ከብቱ ታስሮ ይመገብ፣ ሣሩን እናንተ አጭዳችሁ ውሰዱለት። ለቀማ ሲደርስ የወደቀውን ፍሬ ለማግኘት ቅጠሉን ጠርጋችሁት ከሆነ ለቀማው እንዳለቀ መልሱት።