ብሩ ተቀንሶ ነዳጁ ሳይቀዳ ሲቀር፦ የማደያ ክፍያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚሸጠው በዲጂታል ክፍያ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከማደያ ሲወጣ «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ጭቅጭቅም አብሮ ወጣ፤ በምትኩ «ገንዘቡ አልገባልኝም» የሚለው መጣ። ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ በሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፉ ረዝሞ፣ ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋ፣ ሰው ተቻኩሎ ለአንድ ነዳጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን ይያዙልኝ፦ የመጀመሪያው ክፍያ የት እንደደረሰ ሳያረጋግጡ ሁለተኛውን አይክፈሉ።

ብሩ ከሂሳብዎ ወጥቷል፤ ነዳጅ ቀጂው ግን «አልገባም» ይላል

ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። በመጀመሪያ ገንዘቡ ከእርስዎ ሂሳብ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ ለማደያው መግባቱ ይነገረዋል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ የፊተኛው አልቆ የኋለኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ቀጂው «አልገባም» ሲል ግትር ሆኖ አይደለም። ፈረቃው ሲያበቃ ሂሳብ የሚያስረክበው እሱ ነው፤ ያላየውን ገንዘብ አምኖ ቢቀዳ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

አጭር መልእክቱን ብቻ አይመኑ። መልእክት ማሳወቂያ እንጂ ክፍያ አይደለም፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ቀሪ ሂሳብዎንና የሂሳብ እንቅስቃሴ ዝርዝሩን ይክፈቱ። ካልተቀነሰ ክፍያው አልተፈጸመም፤ እንደገና ይክፈሉ። ከተቀነሰ ደግሞ የተከፈለው ለማን እንደሆነ ይመልከቱ። ቁጥር በእጅ ሲገባ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ ሌላ ተቀባይ ዘንድ ይሄዳልና፣ የሚስጥር ቁጥር ከመጫንዎ በፊት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስም ማንበብ ይልመዱ። ተቀባዩ ትክክል ከሆነ የሂሳብ እንቅስቃሴ ቁጥሩን ለቀጂው ያሳዩት። በቃል አይንገሩት፤ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበትን ቁጥር በጥሩምባ መሀል በትክክል መስማት አይቻልም። ስልክዎን ከእሱ ስልክ ወይም ማሽን ጎን ይያዙና አብረው ያመሳክሩ።

አሁንም ካልታየ መኪናዎን ከሰልፉ አውጥተው ዳር ያቁሙ። የማደያውን ስም፣ ሰዓቱን፣ የብሩን መጠንና የእንቅስቃሴ ቁጥሩን ይመዝግቡ። የከፈሉት በቴሌብር ከሆነ ወደ 127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951 ይደውሉ። ያልተሳካ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይገባል፤ ያም ሆኖ ሳያመለክቱ አይጠብቁ። ነዳጁ አላዳርስ ብሎ የግድ እንደገና መክፈል ካለብዎ ቤት የሚያደርስዎትን ያህል ብቻ ይክፈሉ። ያም ክፍያ ቢያዝ የሚንጠለጠለው ትንሽ ይሆናል።

የከፈሉት በለጠ፤ ነዳጁ አነሰ

ሦስት ሺህ ብር ከፍለው ታንከሩ በሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሞላ እንበል። ድሮ ቀጂው ኪሱን ገልብጦ አራት መቶ ብር መልስ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ገንዘቡ በቀጥታ ማደያው ሂሳብ ውስጥ ገብቷል፤ ቀጂው እጅ ላይ የሚመልሰው ብር የለም።

መከላከሉ ቀላል ነው። «ሙሉ» የሚያስቀዱ ከሆነ ቀጂው ከተስማማ መጀመሪያ ይቀዳ፣ ከዚያ መቅጃው ላይ የተነበበውን ብር ይክፈሉ። አስቀድመው መክፈል ካለብዎ ከገመቱት ዝቅ አድርገው ይክፈሉ፤ የጎደለውን መጨመር የተረፈውን ከማስመለስ ይቀላል። ነገሩ ከሆነ በኋላ ግን ከማደያው ሳይወጡ ኃላፊውን ያስጠሩ። መቅጃው ለሚቀጥለው መኪና ወደ ዜሮ ሳይመለስ ንባቡን ፎቶ ያንሱ። ተመላሹ እርስዎ ወደከፈሉበት ሂሳብ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። «ነገ ይምጡ» ከተባሉም በጽሑፍና በፊርማ ይሁን። ትርፉን በፕላስቲክ ዕቃ አስቀድቶ መሄድን ጨርሶ አልመክርም፤ ቤንዚን መኪና ውስጥ ተጭኖ መሄዱ ለሕይወት ያሰጋል።

«ጨምሬ ልክፈልና ትርፉን በእጄ ስጠኝ» ሲሉ ቀጂው እምቢ አለ

ይህን የሚጠይቁት በአብዛኛው ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶቻችን ናቸው። በኖሩበት አገር ሱቅ ውስጥ የዕቃው ዋጋና የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ተደምሮ በዴቢት ካርድ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ገንዘብ ተቀባዩም ትርፉን ከመሳቢያው ቆጥሮ ይሰጣል። ክሬዲት ካርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይፈቀድም፤ ጥሬ ገንዘብ መበደር ሆኖ ይቆጠራልና።

የእኛ ማደያ ላይ ግን መሳቢያው ባዶ ነው። የተሸጠው ሊትርና የገባው ብርም መመሳከር አለበት፤ ነዳጅ ያልተቀዳበት ትርፍ ብር ቀጂውን ከሂሳብ ያጋጨዋል። እምቢ ማለቱ ትክክል ነው፤ አይጫኑት። ጥሬ ገንዘብ ከፈለጉ ወደ ኤቲኤም ወይም ወደ ቴሌብር ወኪል ይሂዱ። ከሜክሲኮ እስከ ብሔራዊ ቲያትርና ስታዲየም ባለው መስመር የበርካታ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ኤቲኤም በእግር ይደረስበታል። በበዓል ዋዜማ ማሽኖቹ ቶሎ ስለሚደርቁ ቀደም ብሎ ማውጣት ይበጃል።

ሰልፍ ላይ የማያውቁት ሰው «ስልኬ ላይ ብር አለ፤ ልላክልዎና ጥሬውን ይስጡኝ» ቢልዎ ደግሞ ይጠንቀቁ። የተላከ የሚመስል የሐሰት መልእክት ማዘጋጀት አይከብድም። ቀሪ ሂሳብዎ መጨመሩን በዓይንዎ ሳያዩ ብር ከእጅዎ አይውጣ። ተቸግሮ ሊሆን ይችላል፤ በእውነት የላከ ሰው ግን አንድ ደቂቃ መጠበቅ አይከብደውም።

ካርዱ ፖስ ማሽን (የካርድ መክፈያው) ላይ አልሠራም

ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፦ የሚስጥር ቁጥር ተደጋግሞ ተሳስቶ ካርዱ ተቆልፏል፣ የቀን ገደብዎ አልቋል፣ ቺፑ ቆሽሿል፣ ወይም የማሽኑ መስመር ተቋርጧል። ቺፑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ካልሆነ በስልክ ይክፈሉና ካርዱን ወደ ባንክዎ ይውሰዱት።

ኤቲኤሙ ሂሳብ ቀንሶ ብር አልሰጠም

ወዲያው አይሂዱ፤ የዘገየው ብር ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ገጽ እስኪመለስ ይቁሙ። ሌላ ሙከራም አይጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ማሽኑ የተተከለበት ባንክ ገብቶ ይከራከራል። አቤቱታው መቅረብ ያለበት ካርዱን ለሰጠዎ ለራስዎ ባንክ ነው። የባንኮችን ኤቲኤምና ፖስ እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች የተባለው ድርጅት ስለሆነ፣ ከሌላው ባንክ ጋር የሚነጋገረው የእርስዎ ባንክ ነው። ማመልከቻው ላይ ማሽኑ ያለበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቀነሰውን ብርና ወረቀት ከወጣልዎ የደረሰኙን ቁጥር ይጻፉ። የካርዱን ሙሉ ቁጥርም ሆነ የሚስጥር ቁጥርዎን አይጻፉ። «ደርሶናል» የሚል ማህተም ያረፈበት ቅጂ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሱ፤ ባንኩ ካጓተተው ወደ ብሔራዊ ባንክ ይዘው የሚሄዱት ይህንኑ ቅጂ ነው።