ህዳር ላይ ሮክ ክሪክ ጫካ ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 3 ከ40 ላይ አንዲት እህቴ ደወለችልኝ፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ወዳለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ልትሄድ ነው። (ሰዓቱን በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «ጋሼ፣ ቡና ጠጥተን አሁን ልንወጣ ነው። በየት በኩል እንግባ?» «ዛሬስ አትግቡ» አልኳት። ቅር አላት። በየዓመቱ ህዳር ሲመጣ ይሄው ጥያቄ ይመጣል፤ እስቲ መልሱን ልጻፈው።

ትልቁ ስህተት አርፍዶ መግባት ነው። እኛ ያደግነው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት በምትጠልቅበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱና የበጋው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዋሽንግተን ላይ ግን ፀሐይ በሰኔ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ትጠልቅና በህዳር ከ5 ሰዓት በፊት ትገባለች። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ሌሊት ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ምሽቱ በአንድ ጊዜ ይቀድማል። እዚህ 10 ዓመት የኖረ ሰው እንኳ «ገና ቀን ነው» ሲል እሰማለሁ። ጫካው ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። በጫካው መሃል ያለው ወንዝ የሚሄደው በሸለቆ ውስጥ ነው፤ የምዕራቡ ዳገት ፀሐይዋን ይከልላታል። ከፓርኩ በስተምሥራቅ ያለው 16ኛ ጎዳና ላይ ብርሃን ሳለ እታች የዛፉ ሥር አይታይም። ፓርኩም ክፍት የሚሆነው በቀን ብርሃን ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከአገር ቤት ሊጠይቁኝ የመጡ አክስቴን ይዤ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ቦልደር ብሪጅ፣ ያ በ1902 የተሠራው ባለ ትልልቅ ድንጋይ ድልድይ ጋ ስንደርስ ውሃው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። መመለስ ሲገባኝ «ትንሽ ወደ ላይ ወጥተን እንይ» አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ጠፋብኝ። ስልኬ ብርዱ ባትሪውን በልቶት ጥርቅም አለ። አክስቴ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ልጄ፣ ውሃው በየት በኩል ነው የሚሰማህ?» አሉኝ። ድምፁን ተከትለን ቀስ እያልን ወረድን። ቢች ድራይቭ የሚባለው መንገድ ከወንዙ ብዙ ስለማይርቅ አስፋልቱን አገኘነው። መኪና ውስጥ ስንገባ እጃቸው በረዶ ሆኖ ነበር። ያ እጅ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ስለዚህ ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ግቡ። ቡናውን በፔርሙዝ ያዙት። የትም ብትደርሱ 3 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ መኪናችሁ አዙሩ። ጫካው ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ከተማ መሃል ስለሆነ ብቻ አትናቁት።

ሁለተኛው፣ ቅጠሉን አምኖ መርገጥ። ከላይ ሲያዩት ምንጣፍ ነው። ከሥሩ ግን የኦክ ዛፍ ፍሬ አለ፣ እግር ስር እንደ ብይ ይንከባለላል። ሥርና እርጥብ ድንጋይም ተደብቋል። ቁልቁለት ላይ በአጭር በአጭሩ ተራመዱ፣ በሙሉ እግራችሁ ርገጡ። ቅጠሉ መንገዱንም ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ መሬት መሬቱን ሳይሆን ዛፉን እዩ። ግንዱ ላይ ቀለም ተቀብቷል፦ ሰማያዊው ከወንዙ በስተምሥራቅ የሚሄደው ቫሊ ትሬል ነው፣ አረንጓዴው በምዕራብ ያለው ዌስተርን ሪጅ ትሬል። ምልክት ካጣችሁ ወደ መጨረሻው ምልክት ተመለሱ።

«በብርድ መዥገር የለም» የሚሉም አሉ። አለ! ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈዋ መዥገር፣ ያደገችዋ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር በደንብ ትንቀሳቀሳለች። ሰሊጥ ነው የምታክለው። አንዴ ከአንዲት እናት ነጠላ ጥለት ላይ አንስቻለሁ፤ ከቀይና ከጥቁሩ ክር መሃል ተሸሽጋ ለማየት እንኳ አስቸግራ ነበር። ነጭ ካልሲ አድርጉና ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር እዩ።

ለፎቶ ዛፍ ስትደገፉ ግንዱን እዩት። ፀጉራም ገመድ የሚመስል ሐረግ ከወጣበት ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉ ረግፎም ቆዳ ያሳክካል።

ወፍራም ካፖርት ለብሶ ዳገት አይወጣም። ያልባችሁና ስትቆሙ ላቡ ያቀዘቅዛችኋል። ሳሳ ያለ ነገር ደራርቡ።

ለአጋዘን ዳቦ አትስጡ፣ ክልክል ነው። ህዳር ደግሞ ወንዱ ሴቷን የሚያሳድድበት ወቅት ስለሆነ ሳያስበው አስፋልት ላይ ዘሎ ይገባል። ስትመለሱ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

የመጨረሻው ስህተት «ቅጠሉ አልቋል፣ ምን ሊታይ?» ብሎ ቤት መቅረት ነው። እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። ቅጠሉ ሲረግፍ በሙቀቱ ወራት ተሸፍኖ የነበረው የኮረብታው ቅርጽ ይወጣል፣ ወንዙም ከሩቅ ይታያል። ቢች የሚባለው ዛፍ ደግሞ፣ በተለይ ለጋው፣ የደረቀ ቅጠሉን የብርዱን ወራት ሙሉ አይጥልም። ቅጠሉ የሻይ መልክ አለው፣ ስስ ነው፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንሿሿል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚያ አቁሟቸውና ዝም በሉ።

ያቺ የደወለችልኝ እህቴ በማግስቱ እሁድ ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ገባች። እኩለ ቀን ላይ ፎቶ ላከችልኝ፤ ትንሹ ልጇ ቢች ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጆሮውን በእጁ ከፍቶ እያዳመጠ።