በፋንታሲ ቤዝቦል ጨረታ ገንዘብ ተርፎ እንዳይቀር

ፋንታሲ ቤዝቦል እውነተኛ ተጫዋቾችን በጨረታ ገዝቶ የምናብ ቡድን በመሥራት፣ በተጫዋቾቹ ውጤት የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ቡድን 23 ቦታዎችን በ260 ዶላር ይሞላል። ችግሩ፦ ጨረታው ሲያልቅ ከ260 ዶላሩ በጀት ከ20 በላይ ይተርፋል። ምክንያቱ «ወረቀቴ ላይ ከጻፍኩት ዋጋ አንድ ዶላር አልጨምርም» ማለት ነው።

መፍትሔው የሊጉን ገንዘብ በሙሉ መከታተል ሆነ። 12 ቡድን በ260 ሲባዛ 3120 ዶላር ነው። በወረቀት 1000 የሚያወጡ ተጫዋቾች በ900 ከተሸጡ፣ የቀረው 2220 ዶላር 2120 ለሚያወጡ ተጫዋቾች ይሻማል። ስለዚህ 20 የተገመተው መቺ እስከ 21 ያዋጣል። በ1100 ከሄዱ ግን ወደ 19 ይወርዳል፤ ያኔ መታገስ ነው። ስሌቱን በየ20 ተጫዋቹ ማደስ ይበቃል።

ሦስት ኮከቦችን በ125 መግዛትስ? ለቀሩት 20 ቦታዎች 135 ይቀራል፤ በአማካይ 7 እንኳ አይሞላም። 10 ቡድን ባለው ሊግ ያስኬዳል፣ በ1 ዶላርም ደህና ሰው አይጠፋም። በ15 ቡድን ሊግ ግን የ1 ዶላሩ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ነው። እዚያ 180 ያህሉን ለ14 መቺዎች፣ 80ውን ለ9 ወርዋሪዎች ማከፋፈል ይሻላል።

የጥሪ ጣሪያም አይረሳ፦ 70 ዶላርና 9 ክፍት ቦታ ካለ ጣሪያው 62 ነው፤ ለቀሩት 8 ቦታዎች አንዳንድ ዶላር መቆየት አለበት። የተፎካካሪዎችንም ጣሪያ ጎን ለጎን መጻፍ ነው፤ የሁሉም ከ14 ካላለፈ፣ 15 የጠራ ይወስዳል።